እባካችሁ ዘይቱን አትቀንሱበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አንባቢ ሳይክል ላይ ስለሚገጠሙት ትንንሽ ሞተሮች የጻፉትን አነበብኩ። «ዕቃው ቆሻሻ ነው፣ መንፈቅ አይቆይም፣ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ» ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ሞተር በአራተኛው ወር ጸጥ ያለበት ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። እኔም ላይ ጸጥ ብሏል። የገደለው ግን ርካሽነቱ ነው የሚለውን አልቀበልም። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የሞቱት በባለቤታቸው እጅ ነው። ያውም ባለቤቱ ለሞተሩ አስቦ፣ ይጠቅመዋል ብሎ ባደረገው ነገር።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር መጠገን ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የሚነዳው ብዙ ነው፤ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ዓሣ አመላላሹ። ሞተር የገጠሙበት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዱ ውጭ ያለ ዘመድ ልኮለት ነው፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ሄዶ አፈላልጎ ነው። እነዚህ ጥቂቶች ሲቸግራቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። እኔም የራሴን ይዤ ወደ ቱላ ለሥራ መመላለስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ የምጽፈው ከሰማሁት ሳይሆን በእጄ ከፈታሁት ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ካርቶኑ ላይ «80 ሲሲ» ተብሎ የተጻፈው ሞተር 80 አይደለም። ፈትታችሁ ለኩት። የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሰላ 66 ሲሲ ቢሆን ነው። ይህን የማነሳው ጭቅጭቅ ፈልጌ አይደለም። 80 ነው ብሎ ያመነ ሰው ከኋላ ጓደኛውን ጭኖ፣ ከፊት ጆንያ ደርድሮ ወደ ታቦር የሚያወጣውን ዳገት ይወጣበታል። ሞተሩ ደግሞ የተሠራው አንድ ሰው ተሸክሞ በሜዳ እንዲሄድ፣ ዳገት ላይ በፔዳል እንዲታገዝ ነው። ፔዳሉ ለጌጥ አልተቀመጠም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ከታች እንደ ባጃጁ ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ኩሽኔታውን፣ ሁሉንም የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ያ ዘይት ካነሰ ሞተሩ ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት እየፈጨ ነው የሚሄደው። በየመንገዱ የምናያቸው ባጃጆችና አብዛኞቹ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ባለ አራት ምት ስለሆኑ ብዙ መካኒኮቻችን ዕውቀታቸው የዚያ ነው። ድሮ በየገጠሩ ባለሙያዎች ይነዷት የነበረችው ያማሃ ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ነበረች፤ ግን እሷ ለዘይት የራሷ ጋን ነበራት፣ ፓምፗ ራሱ እየለካ ያቀላቅላል፣ ነጂው የሚጠበቅበት ጋኗ እንዳይጎድል መሙላት ብቻ ነበር። የሳይክሉ ሞተር እንዲህ የሚለካለት ፓምፕ የለውም። የሚለካው ነጂው ነው።

አብሮት የሚመጣው ወረቀት፣ ካለ፣ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ማለትም አዲሱ ሞተር እስኪላመድ (ለሮዳጅ ጊዜ)፣ 16 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ይላል። ከዚያ በኋላ 20 ለአንድ። ወደ ሊትር ሲመነዘር ለ1 ሊትር ቤንዚን መጀመሪያ 62 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በኋላ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት ያገኙ ሰዎች 32 ለአንድ፣ 31 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን ዘይቱ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት በማይታወቅበት አገር 20 ለአንድን አልለቅም።

ሞተሩን የሚገድለው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ ይህቺን አንቀጽ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ቤንዚኑንና አየሩን የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለቆላ አየር ነው፣ ለባህር ዳርቻ። ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ አየሩ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ያህል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚያስገባው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ይታነቃል፣ ይጨሳል፣ ጉልበቱ ይደክማል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስትፈቱት ጥቀርሻ መስሎ፣ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ዘይት በዝቶበታል» ይላል። ጎረቤቱም ይህንኑ ይለዋል። ጋራዥ ሲወስደው መካኒኩም «ዘይቱን ቀንስለት» ይለዋል። ይቀንሳል። ካንዴላው አሁንም ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም ዘይት ሲቀንስ የቤንዚኑ ድርሻ ይብሱን ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። እንደገና ይቀንሳል። አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ረጅም መንገድ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ሲሄድ ሞተሩ «ጭ» ብሎ ይቆማል። የኋላ ጎማው አብሮ ይታሰራል። በቃ።

የእኔ የመጀመሪያው ሞተር የሞተው እንደዚህ ነው። ከቱላ ስመለስ ቆመብኝ፤ ፍሪሲዮኑን ይዤ ሳይክሉን እየገፋሁ ቤቴ ደረስኩ። ማታውኑ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈታሁ። ሲሊንደሩን ወደ ላይ ስስበው አልወጣ አለኝ፤ በእንጨት ቀስ እያደረግኩ መታ መታ አድርጌ አስለቀቅኩት። ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ያለው ጎኑ በሚስማር እንደተሞነጨረ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተልጧል። ፋሻዎቹ ቦታቸው ላይ ተጣብቀው በካቻቢቴ ጫፍ እንኳ አልነቃነቅ አሉ። ከፒስተኑ የተላጠው አሉሚኒየም የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ብርማ ሆኖ ተለጥፏል። ጣቴን አስገብቼ ግድግዳውን ዙሪያውን ዳሰስኩት። ጣቴ ደረቁን ወጣ። አንዲት ጠብታ ዘይት አልነበረበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር የፈታሁ ሰው ያን ደረቅ ጣቴን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ዘይቱን የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ለካንዴላው አስቤ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ዘይቱን አትንኩ። የሚነካው ካርቡሬተሩ ነው። የካርቡሬተሩን ክዳን ስትከፍቱ ጋዝ ስትሰጡ ከፍ ዝቅ የምትለዋ ረጅም መርፌ አለች። መርፌዋ ላይ ትናንሽ ጭረቶች አሉ፣ አንደኛው ላይ ቀጭን ክሊፕ ተሰክታለች። ክሊፗን አንድ ጭረት ወደ ላይ አውጧት፤ ያኔ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ የሚገባው ቤንዚን ይቀንሳል። አንድ ብቻ። ከዚያ አንድ አምስት ኪሎ ሜትር በደህና ፍጥነት ነድታችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካንዴላውን እዩት። የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ጥሩ ነው። አሁንም ጥቁር ከሆነ ክሊፗን ሌላ አንድ ጭረት ወደ ላይ አውጧት። አመድ መስሎ ከነጣ ግን ክሊፗን ወደ ታች መልሷት፤ ቤንዚን አንሶታል፣ ሞተሩ እየጋለ ነው ማለት ነው። ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይዞት የሚወርድ ሰው ደግሞ ክሊፗን ወደ ታች መመለስ እንዳለበት አይርሳ፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል።

ትንሽ ጭስ ቢኖርም አትደንግጡ። ባለ ሁለት ምት ነው፣ ይጨሳል።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዘይት የሚለካው በሃይላንድ ክዳን ነው። «ለሊትር ሁለት ክዳን» ይሉኛል። የሃይላንድ ክዳን ሞልታችሁ ብትለኩት 10 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ተደምረው ከሚያስፈልገው ግማሽ አይደርሱም። በሲኒ የሚለካም አለ፤ የማን ሲኒ? ፋርማሲ ሄዳችሁ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ። መርፌው አያስፈልግም። አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ለአንድ ሊትር፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ጀሪካን ውስጥ አቀላቅሉት፣ ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ ከዚያ ወደ ጋኑ። ጋኑ ውስጥ ቤንዚኑን ሞልቶ ዘይቱን ከላይ የሚያፈስ አይቻለሁ። ዘይቱ ይሰጥማል፤ ሞተሩ መጀመሪያ ዘይት ብቻ፣ ቀጥሎ ቤንዚን ብቻ ይጠጣል። ዘይቱም የባለ ሁለት ምት ይሁን። ለመኪና የሚሆነው ዘይት 40 ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላውን ይደፍነዋል፣ ፋሻውን ያጣብቀዋል። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ» የሚል የጃፓን የጥራት ምልክትና ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚሉ ፊደላት ካገኛችሁ ሳትጠራጠሩ ውሰዱ።

ቤንዚኑም የራሱ ጣጣ አለው። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ወይም ሲያልቅ ሁላችንም ወደ መንገድ ዳር ሃይላንድ እንሄዳለን፤ እኔም እሄዳለሁ፣ ምን ይደረግ። አንዳንዱ ውስጥ ግን ነጭ ጋዝ ይጨመርበታል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ያግለዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱ ይደርቃል። ቅባት የመሰለ ክብ ምልክት ከቀረ ነጭ ጋዝ አለበት። ይህን ስታደርጉ ሻጩ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

ቀጥሎ ደግሞ ቡሎን። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይክል ደግሞ ለመንቀጥቀጥ አልተሠራም። የመጀመሪያ ቀን ነድታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና የቴስታታውን አራት ዳዶዎች በመስቀለኛ አጥብቁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ትይዩውን። በጉልበት ሳይሆን በልክ። ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ቡሎኑ ውስጥ ይሰበራል፣ እሱን ማውጣት ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ በላይ ያደክማል። ሞተሩን ከሳይክሉ ብረት ጋር የሚያያይዙትን፣ የማርሚታውን፣ ካርቡሬተሩ የሚያርፍበትንም እዩ። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ማሸጊያ፣ ጓርኒዚዮን፣ ቀጭን ስለሆነች ቶሎ ትነፍሳለች። ጋዝ ለቃችሁ ሞተሩ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ አልወርድ ብሎ በራሱ የሚጮህ ከሆነ አየር እየሳበ ነው። የሳሙና አረፋ ቀቡበት፣ አረፋው ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያንን እያያችሁ አትንዱት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ካቴና መወጠሪያው ነው። የኋላው ብረት ላይ በሁለት ቡሎን የምትታሰር ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። ከሳይክሉ ጋር የያዛት ጭምቅታ ብቻ ነው። ስትላላ ዞር ትልና ቀጥታ ወደ ጎማው ሽቦዎች ትገባለች። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ለሱቆች ዳቦ የሚያደርስ የ19 ዓመት ወጣት፣ በዚህ ምክንያት ወደቀ። ወደ ቦታው ስደርስ ዳቦው መንገዱ ላይ ተበትኗል፣ መወጠሪያዋ ሽቦዎቹ መካከል ተሰንቅራ፣ ስድስት ሽቦ ተበጥሶ፣ ጎማው ስምንት ቁጥር ሆኗል። ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ሳይክሉን የሸጠለትና የገጠመለት ሰው መወጠሪያዋን እንዲያይ አንድ ቀን እንኳ አልነገረውም። ልጁ ያቺ ዕቃ ስሟ ምን እንደሆነም አያውቅም ነበር። እኔ አሁን የሚመጡልኝን ሁሉ ከተቻለ ካቴናውን አንድ ወይም ሁለት ዓይን ቆርጬ በልኩ አድርጌ መወጠሪያዋን እስከነጭራሹ አወጣታለሁ። የግድ ካስፈለገች ደግሞ ዞር እንዳትል ብረቱን በስቼ በቡሎን አሳልፌ አስራታለሁ። የኋላው ትልቁ ጥርስም ጎማው ሽቦዎች ላይ በላስቲክ ተጨምቆ ነው የሚታሰረው፤ ዘጠኙን ዳዶ በየሳምንቱ እዩ። ፍሬን? ላስቲኩ ተበልቶ ብረት ከነካ በዚያኑ ቀን ቀይሩ። ይህ ለክርክርም አይቀርብም።

ካንዴላ ላይ ብዙ አልልም። አብሮ የሚመጣው ደካማ ነው፣ ኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ የሚባለውን ካገኛችሁ ቀይሩት፤ ክፍተቱን 0.6 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ስታቆሙም የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛው ሞተሬ፣ ያው ዓይነት፣ ያው ካርቶን፣ ያው «80 ሲሲ» የተጻፈበት፣ እነዚህን እያደረግኩለት እስካሁን ቱላ ያመላልሰኛል። አንድ ጊዜ ፋሻ ቀይሬለታለሁ፣ ሁለት ጊዜ የፍሪሲዮን ሸራ። ሌላ ወጪ አላወጣሁበትም።

«ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ይህን ያህል መድከም ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ እኮ እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመረው ከጦርነቱ የተረፉ የወታደራዊ ሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ሳይክል ላይ እየገጠመ በመሸጥ ነው። ሰዉ የሚሄድበት አጥቶ ነበርና ገዛው። የእኛም ልጆች የሚሄዱበት ስላጡ ነው የሚገዙት። ዳቦ አድራሹ ልጅ ባጃጅ የመግዛት አቅም ቢኖረው ባጃጅ ይገዛ ነበር። ሌሎች ደግሞ «ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፣ መንግሥትም በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ ይህ የሚያልፍ ነገር ነው» ይሉኛል። ደግ፣ ይለፍ። እስኪያልፍ ድረስ ግን የገዛው ሰው እየነዳው ነው፣ ነገም ጠዋት ይነዳዋል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ቡሎኑ ይላላል፣ ፍሬኑ ያልቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሻጮች ነው። ዕቃውን ስትሰጡ አብሮ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ስጡ። አንድ ገጽ። የዘይቱ ልክ በሚሊ ሊትር፣ ክሊፗ ለደጋ አየር የት መሆን እንዳለባት፣ መቼ መቼ ቡሎን እንደሚጠብቅ፣ ስለ መወጠሪያዋ በቀይ ቀለም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ማንም የማይረዳው እንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ከሥዕሉ ነው ያወቅኩት። ገዢው ገንዘቡን ሲከፍል ሞተሩን እንዴት እንደሚያኖረው የማወቅ መብት አለው። ዘይትና ጓርኒዚዮን፣ ቢያንስ እነዚህን ሁለቱን፣ ሱቃችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ሞተር ሸጦ ዘይቱን የማይሸጥ ሰው ለወገኑ አላሰበም።

ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል የምትሉ ከሆነ እኔ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ ልኬላችኋለሁ። ዝግጅት ክፍሉ ቦታ ካገኘ ያትመው፤ የፈለገ ሻጭ ቆርጦ ፎቶ ኮፒ ያድርገው፣ ስሜ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ቅጂ ለዳቦ አድራሹ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ክንዱ ድኗል፣ ሥራውንም ቀጥሏል። ባለፈው ቅዳሜ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በአሥር ቁጥር ቺያቤ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ያጠብቅ ነበር።

አክባሪያችሁ፣
ከሐዋሳ